ጋሽ ዋለልኝ ልጄን ኖርማንዲ የመሩባት እሑድ

ሄዶበት የማያውቀውን መንገድ ለሰው የሚመራ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ካለም ነዋሪው ገና ዕቃውን ከመኪና ያላወረደበት ሰፈር መሆን አለበት። ይህ ሰው ከበሩ ብዙ አይርቅም፤ የት ጋ እንደሚታጠፉ ግን ያውቃል። ሐኪም አይደለም፤ የትኛው ሐኪም ጋ መሄድ እንደሌለባችሁ ግን ይነግራችኋል። ስትጠይቁት ይመልሳል፤ ካልጠየቃችሁት ደግሞ የበለጠ ይመልሳል። «እንጃ» የምትለዋ ቃል ብቻ ከአፉ ወጥታ አታውቅም።

ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ያለው አፓርትመንታችን ድርሻውን ያገኘው በክቡር ጋሽ ዋለልኝ ነው። በራቸው ከበራችን ፊት ለፊት ነው። ዲቪ ደርሷቸው ከመጡ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ሲሆን፣ ዳውንታውን አንድ ካዚኖ ውስጥ በሌሊት ሺፍት ሴኩሪቲ ናቸው። ሥራቸው ሲጠቃለል ለጠፋበት ቱሪስት መጸዳጃ ቤቱን፣ ለሰከረው ደግሞ መውጫውን በእጅ መጠቆም ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ሰው እየጠየቃቸው እሳቸው እየጠቆሙ ስለኖሩ ልማዱ ከዩኒፎርሙ ጋር አብሮ አይወልቅም።

አማቴ ከሀገር ቤት የመጡ ጊዜ አንድ ወረቀት ማስመዝገብ ነበረብን። «ካውንቲው ቢሮ ነው፤ ስትገባ በስተቀኝ ያለውን ወረፋ ያዝ። ግድ የለህም፣ እኔ አውቀዋለሁ» አሉኝ ጋሽ ዋለልኝ። በስተቀኝ ያለውን ወረፋ ይዘን አርባ ደቂቃ ቆምን። መስኮቱ ጋ ስንደርስ ሠራተኛዋ እኔንና የሰባ ሦስት ዓመቷን አማቴን አየት አየት አድርጋ ሁለታችሁም መታወቂያ ይዛችኋል ወይ አለችን። አማቴ እንግሊዝኛ ስለማይሰሙ ፈገግ ብለው «የስ፣ የስ» አሉ። ለካ የጋብቻ ፈቃድ ወረፋ ኖሯል። ባለቤቴ አስካል ይህን ታሪክ ሠርግ ባለ ቁጥር ታወራዋለች።

እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ። ይህችን ከተማ ለአሥራ አራት ዓመት ስዞራት ስለኖርኩ ተኝቼም አልጠፋባትም። ጋሽ ዋለልኝ መኪናዬ ውስጥ ሲገቡ ግን ሁለታችንም፣ እኔም ጂፒኤሷም፣ ጀማሪዎች ነን። እሷ ወደ ግራ ታጠፍ ስትለኝ እሳቸው «ተዋት፣ ይቺ ደሞ ቬጋስን መቼ አወቀችው» ይሉኛል። አንድ ቀን ዳቦ ልንገዛ ወጥተን ኢንተርፕራይዝ የሚባለው የከተማው ጫፍ ያለ ሰፈር ደርሰናል፤ ያላለቁ አዳዲስ ቤቶች መሃል ገብተን መውጫ አጣን። «አየህ፣ ከተማው እንዴት እንዳደገ ላሳይህ ብዬ ነው» አሉኝ፣ ፊታቸው ላይ ምንም ሳይታይ።

በ2020 ወረርሽኙ መጥቶ ካዚኖው ሁሉ ሲዘጋ ግማሹ ሰው ዳቦ መጋገር ተማረ፤ ሌላው ጸሎት ላይ በረታ። ጋሽ ዋለልኝ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ጀመሩ። ሶፋቸው ላይ ተጋድመው፣ ስልካቸውን ደረታቸው ላይ አቁመው ያልተመለከቱት ዶክመንታሪ የለም። በሁለት ወር ተኩል ውስጥ በርሊን ገቡ። ካዚኖው ተከፍቶ ሰው ማስኩን አድርጎ ወደ ሥራው ሲመለስ እሳቸው የተመለሱት ጡረታ እንደወጣ ጄኔራል ነው። መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ እንኳ በረንዳቸው ላይ ቆመው «ግራ ክንፍህ ክፍት ነው፣ ወደ ኋላ ሳብ በል» ይሉኝ ጀመር።

ይህ እውቀት እቤታቸው ተቀምጦ ቢቀር ማንንም አይጎዳም ነበር። ግን ሚስ ዶሮቲ መጣች።

ሚስ ዶሮቲ ከእኛ ቀጥሎ ያለው ቤት ውስጥ ብቻዋን የምትኖር የዘጠና ዓመት አሜሪካዊት ናት። አንቱ ልበላት ብል እንግሊዝኛው አይፈቅድልኝም፣ እሷም አትወድም። ድሮ ካዚኖ ውስጥ የቁማርተኛውን ብር በመጫወቻ ቺፕ ትቀይር ነበር። እኔና አስካል የማታ ሺፍት በነበርንባቸው ዓመታት ልጃችንን ናርዲን ከስኩል ባስ ተቀብላ፣ አብልታ፣ የቤት ሥራዋን አሠርታ የምታቆይልን እሷ ነበረች። ልጄ እስከ ዛሬ እንግሊዝኛ ስታወራ እንደ አሮጊት የምትቆጣው ከእሷ ለምዳ ነው።

የሚስ ዶሮቲ ታላቅ ወንድም ሬይ ወታደር ሆኖ በ1944 ኖርማንዲ ላይ ነው የሞተው። እሱ ሃያ ዓመቱ፣ እሷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። እዚያው ፈረንሳይ፣ የአሜሪካኖቹ መካነ መቃብር ውስጥ ተቀበረ። እናቷ ድሃ ስለነበረች አልሄደችም፤ እሷም ዛሬ ነገ ስትል ሰባ ሰባት ዓመት አለፈ። አሁን ደግሞ ዓይኗ ከመሃሉ እየጠፋ ነው። ፊት ለፊት ስታይ ጭጋግ ነው፤ የምታየው በጠርዙ ብቻ ነው። ሐኪሟ ከገና በኋላ ማንበብ የሚባል ነገር አትጠብቂ ብላታለች። ስለዚህ በ2021 መኸር ላይ ሆቴል ማኔጅመንት የምታጠናው ናርዲ ለአንድ ሴሚስተር ፓሪስ ልትሄድ ስትል፣ ሚስ ዶሮቲ አንድ ነገር ብቻ ለመነቻት። አንድ ቅዳሜና እሑድ ኖርማንዲ ሄደሽ የሬይን ድንጋይ በቪዲዮ አሳዪኝ፣ ዓይኔ ሳይዘጋ ስሙን አንድ ጊዜ ልየው አለቻት።

አደራው የተሰጠው ለናርዲ ነው። የተረከቡት ግን ኮሪደር ላይ ሲያልፉ የሰሙት ጋሽ ዋለልኝ ናቸው። «ኖርማንዲን ለእኔ ተዉት» አሉ።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዳቸው አሥራ አንድ ደቂቃ የሚወስዱ አራት የድምፅ መልእክቶች ወደ ፓሪስ ሄዱ። ሦስቱ ስለ ማዕበልና ስለ ፓራሹት ነበሩ። አራተኛው ስለ ባቡር ነበር፤ «ቅዳሜ በሁለት ሰዓት ነው፣ እንዳያመልጥሽ» ይላል። ጋሽ ዋለልኝ ሁለት ሰዓት ሲሉ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሐበሻ ጧት ማለታቸው ነው። እዚህ ያደገችው ናርዲ ሁለት ሰዓት ስትሰማ ከምሳ በኋላ ነው። እናም የጧቱ ባቡር ያለ እሷ ሄደ፤ እሷ ስትደርስ መሽቶ ሁሉ ነገር ተዘግቶ ነበር።

«ጋሼ፣ አንተ እኮ ሁለት ሰዓት ነው ያልከው» አለቻቸው በስልክ። እርስዎ ማለት አልለመደባትም።

«ሁለት ሰዓት ነዋ ያልኩሽ።»

«እኔም በሁለት ሰዓት ነው የሄድኩት።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ሃያ ደቂቃ ከተከራከሩ በኋላ ማን እንደተሳሳተ ሳይታወቅ ቅዳሜ አለቀች። የቀረችው እሑድ ብቻ ሆነች፤ ሰኞ ጧት ፈተና ስላለባት እሑድ ማታ ፓሪስ መመለስ ግድ ነው።

እሑድ ዕለት፣ እኛ ጋ ገና የቅዳሜ ሌሊት ሳለ፣ ጋሽ ዋለልኝ ሥራ ላይ ሆነው በእረፍታቸው እየደወሉ መሯት። «ከባቡር ጣቢያው ውጪና ቀጥ በይ፤ መቃብር ታገኛለሽ» አሏት። ቀጥ አለች፤ መቃብርም አገኘች። የእንግሊዞች ነበር። ከዚያ በታክሲ ሌላ ቦታ ላኳት፤ እሱም መቃብር ነው፣ የጀርመኖች። ናርዲ እዚያ ቆማ «ጋሼ፣ እዚህ ያሉት እኮ ኢኒሚዎቹ ናቸው» ስትላቸው «እሱንም ማየት ጥሩ ነው» አሏት። ልጄ ለአንድ አሜሪካዊ ወታደር ብላ ወጥታ የሁለት መንግሥታት ሙታን ስትጎበኝ ዋለች። አሜሪካኖቹ ጋ የደረሰችው በፈረንሳይ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ ሦስት ተኩል ላይ ሲሆን፣ በሩ አምስት ላይ ይዘጋል።

እኛ ጋ ጧት ነው። ጋሽ ዋለልኝ ከሺፍት ወጥተው ከነዩኒፎርማቸው በቀጥታ ወደ ሳሎናችን መጡ። አስካል ለቸርች እየለበሰች ነው። ሚስ ዶሮቲ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀለም ተቀብታ፣ ሰው ልትጠይቅ እንደምትሄድ ተዘጋጅታ መጥታለች። ከሶፋው አጠገብ ወንበር ሰጠናትና ስልኩን መሃል ላይ አቆምነው።

ናርዲ ጋሽ ዋለልኝ ቴክስት ያደረጉላትን ስም ይዛ ወደ መካነ መቃብሩ ቢሮ ገባች። እዚያ ያለው ሰውዬ በኮምፒውተር ቼክ አደረገ። ስሙ የለም። ደግሞ ቼክ አደረገ። የለም።

«አስከሬናቸው ያልተገኘ ወታደሮች ስም የተጻፈበት ግድግዳ አለ፤ እዚያ ሂጂ» አሏት ጋሽ ዋለልኝ። በዶክመንታሪ አይተውታል፤ እውነትም ግድግዳው ነበር። ናርዲ በጣቷ እየተከተለች አንድ በአንድ አነበበች። እዚያም የለም። ስልኩ ውስጥ የሚታየን እርጥብ ድንጋይና የልጄ አፍንጫ ጫፍ ብቻ ነበር።

«አባ፣ ግራ ገብቶኛል። ምን ላድርግ?» አለችኝ። አስካል አንድ እግሯ ላይ ጫማ አድርጋ፣ ሌላውን በእጇ ይዛ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማለች።

ሚስ ዶሮቲ አማርኛ ባትሰማም የፊታችንን ነገር ገባት። አልተገኘም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እየፈለጉ ነው አልኳት። በቀስታ «ተቀብሯል የሚል ደብዳቤ መጥቶልን ነበር። ለእናቴ ያነበብኩላት እኔ ነኝ» አለች። ቀጥላም «ምናልባት እንድትጽናና ብለው ይሆናል የጻፉላት» አለች።

በዚያች ደቂቃ ጋሽ ዋለልኝን ጠላኋቸው፤ አልዋሽም። ዕድሜዋን ሙሉ ወንድሜ እዚህ ቦታ አለ ብላ የኖረችን ሴት፣ ዓይኗ ሊጠፋ ሁለት ወር ሲቀረው፣ የትም የለም ሊያስብሏት ነው። ልጅቷ ትመለስ፣ ብርድ እንዳይመታት አለች ሚስ ዶሮቲ። ቦርሳዋን አነሳች።

ጋሽ ዋለልኝ ግን ስልኩን አንስተው ናርዲን ወደ ቢሮው ተመለሺና ለሰውዬው ስጪልኝ አሏት። የካዚኖ በር ላይ በሚናገሩበት እንግሊዝኛ፣ ጮክ ብለው፣ «ሰር፣ ደግመህ እይልኝ። ሬይመንድ ኬስለር። ኬ፣ ኢ፣ ደብል ኤስ…» ማለት ጀመሩ።

ሚስ ዶሮቲ ቀና አለች። «ኬስለር ምን አደረገ?»

«ወንድምሽን ነዋ የምንፈልገው» አልኳት።

«ኬስለር ባሌ ነው» አለች። «ሁለተኛው። ጦርነት ሄዶ አያውቅም፣ እግሩ ጠፍጣፋ ነው ብለው መልሰውታል። እዚሁ አጠገባችን ሄንደርሰን ውስጥ አልጋው ላይ ነው የሞተው፣ በ1988።»

ጋሽ ዋለልኝ ስልኩን እንደያዙ ቀስ ብለው ወደ እሷ ዞሩ። «አንድ አባት አይደለም እንዴ የወለዳችሁ?» አሏት፣ ከልባቸው ተቸግረው።

«ነው እንጂ። ሆሊስ ይባላል። እኔም ሆሊስ ነበርኩ፤ ከዚያ ሁለቴ አገባሁ።»

ሳቄ መጣ፤ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ ምክንያቱም እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው። እኛ ዘንድ ሴት ብታገባም አባቷን ይዛ ነው የምትሄደው። አስካል ከእኔ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ኖራ ዛሬም የአባቷ ናት። ናርዲ አንደኛ ክፍል ስትገባ የሦስታችን የአያት ስም ለየብቻ ሆኖ ማን የማን እንደሆነ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጅቶብናል። እህትና ወንድም አንድ አባት ካላቸው ሁለተኛው ስማቸው አንድ ነው፤ ይሄ ምን ጥያቄ ያስፈልገዋል? ጋሽ ዋለልኝ የሚስ ዶሮቲ ፖስታ ሳጥን ላይ ያለውን ስም አንብበው ለሬይ ሰጡት። እኛም ሁላችን አይተን አለፍነው።

ጋሽ ዋለልኝ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ናርዲዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሆሊስ በይው» አሉ። ድምፃቸው በጣም ዝቅ ብሎ ነበር።

በሩ ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቀረም። ሰውየው ስሙን በአንድ ጊዜ አገኘው፤ ናርዲን በትንሽ መኪና ጭኖ በነጫጭ መስቀሎቹ መሃል ነዳት። አንድ ባልዲ ይዟል። ምንድነው ብላ ስትጠይቀው ከታች ከባሕሩ ዳር የመጣ እርጥብ አሸዋ ነው አላት። ነጭ እብነ በረድ ላይ የተቀረጸ ፊደል በፎቶ አይታይም፤ ስለዚህ ቤተሰብ ሲመጣ በአሸዋ ይሞሉታል። መስቀሉ ጋ ሲደርሱ አሸዋውን በእጁ እያፈሰ ስሙ ላይ አሸው፤ ከዚያ ትርፉን ጠረገው። ባዶ የመሰለው ድንጋይ ላይ ፊደሎቹ ጠቁረው ወጡ።

ሚስ ዶሮቲ ስልኩን ተቀብላ ወደ ጉንጯ አስጠጋችው። አንገቷን አዙራ በዓይኗ ጠርዝ አየች። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ አንድ በአንድ ቆጠረችው፤ ሬይመንድ፣ ከዚያ ሆሊስ። «አለ» አለች። «እዚያ አለ።» አስካል ማልቀስ ጀመረች። ሚስ ዶሮቲ ግን አላለቀሰችም። ጣቷን ሰድዳ ስሙን በስልኩ ላይ ዳበሰችው፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ደግሞ ወደ ታች። ቀዩን ምልክት ነካችውና ስልኩ ተዘጋ።

መልሰን ደወልን። የናርዲ ስልክ ቀኑን ሙሉ መንገድ ሲፈልግ ውሎ ባትሪው አልቆ ኖሮ አልነሳ አለ።

ሚስ ዶሮቲ የጠቆረውን ስክሪን ይዛ ተቀምጣ «ዙሪያው ምን ይመስላል? ድንጋዩን ብቻ ነው ያየሁት» አለች። እኔ ያየሁት ነገር የለም። አስካልም አላየችም።

ጋሽ ዋለልኝ ኮፍያቸውን አውልቀው አጠገቧ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከፍ ያለ ቦታ ነው አሏት፣ ገደሉ አፋፍ ላይ። ሣሩ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው፤ ዝናቡ ስለማያቋርጥ ማንም ማጠጣት የለበትም። ከታች ባሕሩ አለ፤ ውሃው ሲሸሽ አሸዋው ሩቅ ድረስ ይታያል፤ ሬይ ከባሕር የወጣበት አሸዋ እሱ ነው። «የእሱ ፊት ወደ ባሕሩ ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። «አይደለም» አሉ ሳያመነቱ፣ «ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አዙረው ነው ያቆሙላቸው። ወደ አሜሪካ።»

አሁንስ አበዙት አልኩ በልቤ። ቀኑን ሙሉ የመንግሥታትን መቃብር ሲያምታቱ የዋሉ ሰው አሁን የድንጋይ ፊት ያውቃሉ? ግን አፌን ዘጋሁ። የምትሰማበትን መንገድ እያየሁ ማንም ሰው አፉን መክፈት አይችልም ነበር።

«ወደ እኛ ማለት ነው» አለች ሚስ ዶሮቲ።

«ወደ እኛ ነው» አሏት። ተነሡና ወንበሯን ከነእሷ ይዘው ቀስ አድርገው ወደ ምሥራቅ፣ ሬይ ወዳለበት ወደሚያየው መስኮት አዞሩት። ፀሐይዋ በዚያ በኩል እየወጣች ስለነበር አቅጣጫውን መሳሳት አይቻልም። ሚስ ዶሮቲ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ብርሃኑ ፊቷ ላይ እየወረደ ብዙ ቆየች። አስካል ቸርች አርፍዳ ሄደች።

እኩለ ቀን ላይ ናርዲ ባቡር ውስጥ ሆና ደወለች። ፈተናውን ተይው፣ ደህና ነሽ ወይ አልኳት። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስለ ድንጋዮቹ ጠየቅኋት። «አዎ አባ፣ ሁሉም ወደ ዌስት ነው የሚያዩት፣ ሰውዬው ነገረኝ» አለች። የጋሽ ዋለልኝን ውሸት ይቅር ልል ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለካ ይቅር የሚባል ውሸት አልነበረም።

ማታ ሊመሽ ሲል ተሻግሬ በራቸውን አንኳኳሁ። ለሥራ ዩኒፎርማቸውን እየተኮሱ ነበር። ፊታቸው ጥሩ አልነበረም፤ ከጧት ጀምሮ ለማንም ምንም እንዳልጠቆሙ ያስታውቃል። «ምነው፣ ደህና?» አሉኝ።

«ደህና ነኝ ጋሽ ዋለልኝ» አልኳቸው። በቀን አምስት ጊዜ የምመላለስበትን መንገድ አሰብኩ። «ነገ ጧት አየር ማረፊያ ሰው የማደርሰው አለኝ። በየት በኩል ብሄድ ይሻለኛል?»

ካውያውን አስቀመጡ። ወንበር ሳቡልኝ። ሃያ ደቂቃ አስረዱኝ፤ ከነገሩኝ ውስጥ አንድም ትክክል መታጠፊያ አልነበረም፤ እስከ መጨረሻው አዳመጥኳቸው።